መጀመሪያ ትንፋሹ፦ ከኤኤልኤስ ጋር ስለ መኖር

ኤኤልኤስ የያዘው ሰው ምክር አያጣም። «አይዞህ»፣ «በርታ»፣ «ሁሉም ነገር በጭንቅላት ነው» እያለ ወዳጅ ዘመድ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን ያዛቡታል። ሌሊቱን አየር እያጠረው ሲባንን ያደረ፣ ጠዋት ራሱን እያመመው የነቃ፣ ቀኑን ሲያንጎላጅ የሚውል ሰው ከሩቅ ሲያዩት ተስፋ የቆረጠ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞበት ነው። ይህ ዳሰሳ የሚሟገትለትም ነገር ይኸው ነው፦ በዚህ በሽታ መልካም መንፈስ የሚመጣው ከትንፋሽ በኋላ ነው። ትንፋሹ ሳይታከም ብርታት መጠየቅ ሕመምተኛውን በሌለው ነገር መውቀስ ይሆናል።

በሽታውን በ1869 (ዓመቶቹ እዚህም ቀጥሎም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለይቶ የገለጸው በፓሪስ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል የነርቭ ሐኪም የነበረው ዣን ማርቲን ሻርኮ ነው። ሙሉ ስሙ አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክለሮሲስ ይባላል። ጡንቻን የሚያዙ የነርቭ ሕዋሳት በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ትእዛዝ የተቋረጠበት ጡንቻም ይከሳል፣ ይዝላል። አንዱ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው ያውቀዋል፣ ሌላው እግሩ ምንጣፍ ላይ ሲደናቀፍ። ከአራት አንድ ያህሉ ላይ ደግሞ በምላስና በጉሮሮ ይጀምራል፤ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ ውሃ ትን ይለዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ ከ100,000 ሰው ሁለት ያህሉ ይያዛሉ። ከአሥሩ ዘጠኙ በቤተሰባቸው ሌላ ታማሚ የላቸውም። አብዛኞቹ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይኖራሉ፤ ከአሥር አንዱ ግን ከ10 ዓመት ያልፋል። (አእምሮ ፈጽሞ አይነካም የሚለው የተለመደ አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። የብዙዎች ማሰቢያ ጤነኛ ሆኖ ቢቆይም፣ ጥቂት የማይባሉት ጠባያቸው ወይም የማሰብ ፍጥነታቸው ይለወጣል። ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ጠብ ይቀራል።)

መድኃኒቱን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ የሚወራለት ብዙ ስለሌለ። ሪሉዞል በአሜሪካ በ1995 ተፈቀደ፤ ዕድሜን የሚያራዝመው በሁለትና ሦስት ወር ገደማ ነው። ኢዳራቮን በ2017 ተከተለ። ሬሊቭሪዮ በ2022 በታላቅ ደስታ ተፈቅዶ፣ ሰፋ ባለ ሙከራ ስላልሠራ በ2024 ከገበያ ወጣ። በ2023 የተፈቀደው ቶፈርሰን ኤስኦዲ1 በተባለው ጂን ላይ ለውጥ ላለባቸው ጥቂት ታማሚዎች ብቻ ነው።

ትንፋሹ ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል።

ሳንባ በራሱ አይነፋም። አየር የሚያስገባው በዋናነት ከሳንባ ሥር እንደ ጣሪያ የተዘረጋው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ነው፤ እሱም እንደ እጅና እግር ጡንቻ ከነርቭ ትእዛዝ ይጠብቃል። የኤኤልኤስ ሕመምተኞች ሳንባ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የደከመው የሚነፋው ጡንቻ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ቀሪውን ሁሉ ይስታል። ሰው በጀርባው ሲተኛ የሆድ ዕቃ ድያፍራምን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ችግሩ ቀድሞ የሚገለጠው አልጋ ላይ ነው። ትናንት በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሁለት ይጠይቃል፣ ቆይቶ ሦስት፣ በመጨረሻ ወንበር ላይ ማደር ይመርጣል። ሌሊት ይባንናል፣ ቅዠት ይበዛበታል፣ ያልበዋል። ጠዋት ራሱን ያመዋል፤ ሲቆይ ይለቀዋል። ድምፁ ይቀንሳል፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ያቋርጣል፣ ማሳል ያቅተዋል። የሚገርመው «ትንፋሽ አጠረኝ» የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ ከሁሉ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ደረጃ የማይወጣ፣ ዳገት የማይሄድ ሰው ማለክለኩ በምን ይታወቃል?

ሐኪሞች ትንፋሽን የሚለኩበት ቀላል መንገድ አለ፦ ሕመምተኛው በሙሉ ኃይሉ ወደ ቱቦ ይነፋል፣ ስፓይሮሜትር መጠኑን ያነባል። ከሚጠበቅበት ግማሽ በታች ሲወርድ የመተንፈሻ ማገዣ መጀመር በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ ምልክት ከታየ ግን ግማሽ እስኪደርስ አይጠበቅም። ተቀምጦ ደህና የነፋ ሰው ተኝቶ ሲነፋ ብዙ ከቀነሰ ድያፍራሙ እየደከመ መሆኑ ይታወቃል። መሣሪያ በሌለበት ደግሞ ሐኪም ሕመምተኛው አንዴ በደንብ አየር ስቦ በዚያው ትንፋሽ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ያደርገዋል፤ የሚደርስበት ቁጥር ከወር ወር እያነሰ ከሄደ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ቤት የገባው ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ግን እዚህ ያታልላል። ቁጥሩ 95 እያሳየ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀም ይችላል። ከዚህ የባሰው ስህተት ኦክስጅን ሲሊንደር ተከራይቶ አፍንጫ ላይ መሰካት ነው። ቤተሰብ የሚያደርገው ከጭንቀት የተነሳ ነው፤ ለሳንባ ምችም ትክክል ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን የጎደለው ኦክስጅን ሳይሆን አየር የሚያወጣና የሚያስገባ ጉልበት ነው። ኦክስጅን ለብቻው ሲሰጥ የመተንፈስን ግፊት አዳክሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሊያባብስ፣ ሰውየውን ሊያደነዝዝ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይደረግም። የእንቅልፍ ኪኒንም እንዲሁ።

ትክክለኛው ማገዣ ባይፓፕ ወይም ቬንቲሌተር የሚባለው፣ በጭምብል አየር የሚገፋ ማሽን ነው። ሰውየው ሲስብ ይገፋለታል፣ ሲያወጣ ይለቅለታል። በ2006 በእንግሊዝ ኒውካስል የተሠራ ሙከራ ውጤት ታትሟል፦ ታማሚዎቹ 41 ነበሩ፣ ገሚሱ ማሽኑን አገኘ፣ ገሚሱ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ። የጉሮሮ ጡንቻቸው ብዙ ካልተጎዳባቸው መካከል ማሽኑን ያገኙት በመካከለኛ ግምት 205 ቀን ያህል ተጨማሪ ኖሩ። ከሪሉዞል ሁለትና ሦስት ወር ጋር ያስተያዩት። ጉሮሯቸው ክፉኛ የተጎዳባቸው ግን ዕድሜያቸው አልረዘመም፣ የእንቅልፍ ችግራቸው ብቻ ቀለለላቸው። ከዚያ በፊት በ2001 የታተመ የለንደን ጥናት ደግሞ ለርዕሳችን የበለጠ ይቀርባል፦ ማሽን የጀመሩት ሰዎች እጅና እግራቸው መድከሙን ሳያቆም፣ ጉልበትና ንቃት እንደተሰማቸው እስከ 15 ወር ድረስ ተመዝግቧል። በሽታው እየገፋ ሰውየው ተሻለኝ ይላል። «መንፈሱ ጠነከረ» የምንለው ነገር አንድ ትልቅ ድርሻው በደንብ ያደረ እንቅልፍ ነው።

ነገሩ ግን ማሽን ገዝቶ እንደ መሰካት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ጊዜ ሽንፈት ነው። ጭምብሉ የአፍንጫን አጥንት ይልጣል፤ ማሰሪያው ሲላላ አየሩ ወደ ዓይን ይነፍሳል፣ ሲጠብቅ ፊት ያብጣል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው አየሩ በአፉ ይወጣበታል። እጁ የማይሠራ ሰው ደግሞ ጭምብሉን ራሱ ማውለቅ ስለማይችል ፍርሃቱ እጥፍ ነው። የለመዱት የሚመክሩት ቀን ቀን፣ ቴሌቪዥን እያዩ፣ ለጥቂት ደቂቃ አድርጎ መጀመርን ነው። ጭምብል ሁለት ዓይነት ይኑር፣ እያፈራረቁ ሲጠቀሙ ቆዳው ያርፋል። አጠገቡ በትንሽ የጭንቅላት ወይም የጉንጭ ንቅናቄ የሚደወል ደወል ይቀመጥ። ደወሉ ርካሽ ነገር ነው፤ ፍርሃትን በመቀነስ ግን ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሌላው የሚዘነጋው ሳል ነው። ማሳል የማይችል ሰው አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል፣ ጉንፋን ወደ ሳንባ ምች ይለወጣል። አየር አስገብቶ መልሶ በኃይል የሚስብ የሳል ማገዣ ማሽን አለ፤ በሌለበት ግን ድንገተኛ ክፍል ሁሉ የሚገኘው በእጅ የሚጨመቅ አምቡ ባግ ይሠራል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሕመምተኛው አየር ይስባል፣ ሳያስወጣ ይይዛል፤ አስታማሚው ባጉን ይጨምቃል፣ በላዩ ላይ ይጨመርለታል፤ አሁንም ይይዛል፣ ሦስተኛ ይጨመራል። ደረቱ ሙሉ ሲነፋ አስታማሚው እጁን ከእንብርት በላይ አድርጎ «አሁን!» ሲል ሳልና ግፊቱ አንድ ላይ ይሆናሉ። ፊዚዮቴራፒስት አንዴ ካሳየ ቤተሰብ ይለምደዋል፤ ሆድ ሙሉ ሲሆን አይደረግም። ምራቅ ለበዛበት ደግሞ ምላስ ሥር የሚደረግ የአትሮፒን ጠብታን የመሳሰሉ መድኃኒቶች አሉ። ምግብ በቱቦ በቀጥታ ወደ ጨጓራ ማስገባት ካስፈለገም ቀዶ ጥገናው ትንፋሽ ከመድከሙ በፊት ቢሠራ አደጋው ይቀንሳል። ሁሉም ነገር ቀደም ብሎ ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ ብርታቱ።

የዚህ በሽታ የብርታት ታሪክ በአሜሪካ የሚጀምረው በቤዝቦል ተጫዋቹ ሉ ጌሪግ ነው። ለኒውዮርክ ያንኪስ 2,130 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተሰልፎ፣ በ1939 በ36ኛ የልደት ቀኑ በሽታው ተነገረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ ራሱን ዕድለኛ ሰው ብሎ ጠራ፤ በ1941 ሞተ። ዛሬም በአሜሪካ በሽታው በስሙ ይጠራል። ከእሱ በኋላ የብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲው መምህር ሞሪ ሽዋርትዝ በ1995 ከመሞቱ በፊት ከቀድሞ ተማሪው ጋር ያደረጋቸው የማክሰኞ ጭውውቶች በመጽሐፍ ወጥተው ዓለምን ዞሩ። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግም አለ፦ በ1963፣ በ21 ዓመቱ ታሞ እስከ 2018 የኖረ።

እነዚህ ታሪኮች ያበረታታሉ፤ ሲደጋገሙ ግን መለኪያ ይሆናሉ፣ ለአብዛኛው ታማሚም የማይደረስበት መለኪያ። ሆኪንግ በቁርጠኝነቱ ብቻ 55 ዓመት ኖረ የሚሉ አሉ። ነገር ግን በሽታው በእሱ ላይ እጅግ በዝግታ የሄደ ዓይነት ነበር። በ1985 ጄኔቭ ሳለ በሳንባ ምች ታሞ ማሽን ላይ ሲውል ሐኪሞቹ ማሽኑ ይቁም ወይ ብለው ባለቤቱን ጄንን ጠየቁ፤ እምቢ አለች። ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ ጉሮሮው ላይ ቀዳዳ ተሠራለት፣ ድምፁን አጣ፣ ቀን ከሌት የነርስ እንክብካቤ ጀመረ። ታዋቂው መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1988 ነው። ብርታቱን ማንም አይክደውም፤ ሚስቱን፣ ነርሶቹንና የጉሮሮውን ቱቦ ከታሪኩ አውጥቶ መናገር ግን ሌላውን ሕመምተኛ ይጎዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ቶኒ ጀት ነው። የታሪክ ሊቅና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጀት በ2008 ታመመ፤ በ2009 መከር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ የመተንፈሻ ማገዣው ፊቱ ላይ ሆኖ ረጅም የሕዝብ ንግግር አደረገ። በ2010 መጀመሪያ ስለ ሌሊቱ ባሳተመው ጽሑፍ ግን ማጽናኛ አልፈለገም። አልጋ ላይ ከተስተካከለ በኋላ የሚያሳክከውን ማከክ፣ ጎኑን መለወጥ የማይችል ሰው ሌሊት ምን እንደሚመስል ነገረን፤ ማጣትን በቆንጆ ስም መጥራት እንደማይጠቅምም ጻፈ። ሌሊቱን የሚያሳልፈው በልጅነቱ በሚያውቀው የስዊዘርላንድ ቤት ክፍሎች ውስጥ ትዝታዎቹን በሐሳቡ እየደረደረ፣ ጠዋት እያስጻፈ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተ፤ እነዚህን ትዝታዎች የያዘው መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ ወጣ። አልሳቀም፣ አላጽናናም፤ ግን ሠራ። ይህም መበርታት ነው፤ ማልቀስንና መናደድን የማይከለክል መበርታት።

ጥናቶቹስ ምን ይላሉ? በ1994 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የመንፈስ ጭንቀታቸው የበዛ ታማሚዎች ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር፤ ብዙዎች «ቀና አስብና ትኖራለህ» ለማለት ተጠቅመውበታል። እኔ በጥንቃቄ ነው የማነበው። በሽታው የገፋበት፣ አየር ያጠረው ሰው ጭንቀቱ ቢበዛ ምን ይደንቃል? የቱ የቱን እንዳመጣ መለየት ይቸግራል። ይበልጥ ጽኑ የሆነው ግኝት ሌላ ነው፦ የኤኤልኤስ ሕመምተኞች ለሕይወታቸው የሚሰጡት ዋጋ ከአካላቸው ድካም ጋር እኩል አይወርድም። ጤነኛው ከሚገምትላቸው፣ ቤተሰባቸውም ከሚገምትላቸው በላይ ነው። በ2003 የታተመ የጀርመን ጥናትማ ጉሮሯቸው ተቀድዶ በማሽን ከሚተነፍሱ ሰዎች አስታማሚዎች መካከል ከመቶ 30ው የራሳቸውን ሕይወት ከታማሚው ሕይወት የባሰ ብለው ገምተውታል። ስለ ብርታት ስናወራ የሚረሳው ሰው ማን እንደሆነ ቁጥሩ ይነግረናል።

አንድ ነገር በጎን ላንሳ። አንዳንድ ታማሚ ያለ በቂ ምክንያት ያለቅሳል ወይም ይስቃል፣ ማቆምም አይችልም። ቤተሰብ «ሆድ ብሶት ነው» ይላል። ከስሜቱ ጋር ላይገናኝ የሚችል የነርቭ ምልክት ነው፤ መድኃኒትም አለው።

ጭምብል የማይበቃበት ቀን ሲመጣ ጥያቄው ይከብዳል፦ ጉሮሮ ተቀድዶ በቬንቲሌተር መኖር ወይስ አለመኖር? እዚህ ላይ ውሳኔው የግለሰብ ጽናት ብቻ አለመሆኑን አገሮች ያሳያሉ። በእንግሊዝ ይህን የሚመርጡ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በጃፓን ግን ብዙ እጥፍ ናቸው። ጃፓኖች ከእንግሊዞች ይልቅ ደፋር ስለሆኑ አይደለም፤ መንግሥት ለማሽኑና ለቤት ውስጥ ተንከባካቢ ስለሚከፍል፣ የሕክምናው ልማድም እንደዚያ ስለሆነ ነው። በ2019 ያሱሂኮ ፉናጎ የተባለ በቬንቲሌተር የሚተነፍስ የኤኤልኤስ ሕመምተኛ ለጃፓን የላይኛው ምክር ቤት ተመርጦ ከተንከባካቢዎቹ ጋር ገብቷል። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ አለባቸው፦ የ2005ቱ የሟች ሕሙማን ሕግ ያለማቋረጥ የሚሠራን ሕክምና አንዴ ከተጀመረ ማቋረጥን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ለመጀመር ያለው ውሳኔ ከሌላ አገር ይከብዳል። በአሜሪካ ለሚኖሩትም የሚጠቅም አለ፦ ሌሎች አካል ጉዳተኞች ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን ለማግኘት 24 ወር ሲጠብቁ ለኤኤልኤስ ከ2001 ጀምሮ ይህ ቀርቷል፤ የአካል ጉዳት አበል ለማግኘት አምስት ወር መጠበቅም በ2020 መጨረሻ በወጣ ሕግ ቀርቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የነርቭ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ በአብዛኛውም አዲስ አበባ። ባይፓፕ ያገኘ ቤተሰብ ቀጣይ ጭንቀቱ መብራት ነው። ባትሪ ያለው ማሽን መምረጥ፣ ኢንቨርተር ማዘጋጀት፣ አምቡ ባጉን ከአልጋው አጠገብ አለማራቅ ያስፈልጋል። ጠበል የሚጠጣ ሰው ደግሞ ቀጭን ፈሳሽ ከሁሉ በላይ ትን እንደሚል አውቆ፣ ተቀምጦ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ በትንሽ በትንሹ ይጎንጭ። ክብደት መቀነስ በዚህ በሽታ ጉልበትንም ዕድሜንም ይበላል፤ ስለዚህ ጾም ላይ ይጠንቀቅ፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ሕመምተኛን ጹም ብለው አያስገድዱም።

ንግግር ሲጠፋ ውድ የዓይን ኮምፒውተር ባይኖርም ፊደል ገበታችን አለ። አስታማሚው በጣቱ ረድፉን ይወርዳል፤ የተፈለገው ረድፍ ላይ ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ወደ ጎን ይሄዳል። «አየር» ለማለት ሦስት ፊደል ነው፦ አ ግእዝ፣ የ ግእዝ፣ ር ሳድስ። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ በኋላ ነው የሚደክሙት፤ ይህ መንገድ ረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ሕመምተኛውም ቤተሰቡም የሚፈሩት፣ ብዙዎችም ለመጠየቅ የማይደፍሩት፣ ታንቆ መሞትን ነው። በ2001 የታተመ የጀርመንና የእንግሊዝ ጥናት የ171 ሰዎችን የመጨረሻ ቀናት መርምሮ አንድም ታንቆ የሞተ አላገኘም፤ አብዛኞቹ በእርጋታ ነው ያረፉት። በትክክል የተመጠነ ሞርፊን የአየር ማጠርን ጭንቀት ያቀላል። ይህን ሐኪም በጊዜ ቢነግራቸው ስንት ሌሊት ይተኙ ነበር። በአገራችን ግን «ለሱ እንዳትነግረው» የሚለው ቤተሰብ ገና ብዙ ነው፤ ያልተነገረው ሰው ማሽን መቼ እንደሚጀምር፣ ቱቦ ይፈልግ አይፈልግ እንደሆነ ሊወስን አይችልም።

ስለዚህ ኤኤልኤስ ያለበትን ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ «በርታ» ከማለታችሁ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ ስንት ትራስ እንደሚጠቀም፣ ጠዋት ራሱን ያመው እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ ትንፋሹ ተኝቶም ተቀምጦም እንዲለካ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ በየሦስት ወሩም አስለኩት። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌሊት እናንተ እደሩለትና አስታማሚዋ ትተኛ።